ያልቀመስኩት ወተት

የካቲት 19፣ ረቡዕ

ጾሙ ከገባ ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ሰው ጾመ እንጂ ላም አልጾመችም። ሃምሳ ሦስት ገበሬ እንደ ወትሮው ወተቱን ይዞ በራችን ላይ ተሰልፎ ነበር፤ ከደብረ ማርቆስ ሰው ግን ወተት ማየት የሚፈልግ የለም። የቀሩን ደንበኞች ሁለት ብቻ ናቸው፤ አንዱ ከመናኸሪያው በታች ያለው የሕፃናት መዋያ ነው፣ ሌላው ሐኪም ወተት ያዘዘላቸው ሕመምተኞች ናቸው። የተረፈው ይናጣል፣ ቅቤ ይሆናል።

የወተት ኅብረት ሥራ ማኅበራችን መዝገብ አለው፤ እሱ ስለ ወተቱ ነው። ይህ ደብተር ስለ እኔ ነው። ማንም አግኝቶ ሊያነበው ቢያምረው መጀመሪያ እጁን ይታጠብ።

እኔ የብርጓል እባላለሁ፤ ወተት ተቀባይም ጥራት ተቆጣጣሪም ነኝ። ሲያሙኝ "ሳሙና" እንደሚሉኝ አውቃለሁ፤ ደስ ይለኛል እንጂ አልቀየምም። በስድስት ዓመት ውስጥ ከእጄ ወጥቶ ሰው ያሳመመ አንድ ኩባያ ወተት የለም።

የሚያስቸግረኝ ጾሙ ነው። በፍስክ ጊዜ ዋናው መሣሪያዬ ምላሴ ነው። አንዲት ጠብታ ቀምሼ የማን ላም ምን እንደበላች፣ የማን ዕቃ በወጉ እንዳልታጠበ እናገራለሁ። በጾም ግን ምላሴ ሥራ ይፈታል። ቀምሶ መትፋትን እንኳ የነፍስ አባቴ አይፈቅዱልኝም። ስለዚህ በጣት ነው። ሌባ ጣቴን ነከር አድርጌ ከአውራ ጣቴ ጋር እፈትገዋለሁ፣ ወዲያው አሸተዋለሁ። ሙቀቱንም፣ ውፍረቱንም፣ መኮምጠጡንም ይነግረኛል። እናቴም በጾም እንዲህ ነበር የምታደርገው፤ የቀያችን ሴቶች ሁሉ እንዲሁ።

አብራኝ የምትሠራው ማርያማዊት ኮሌጅ ነው የተማረችው። "እትዬ፣ መመርመሪያው አልኮል እያለልሽ ጣት ምን ይሠራልሻል?" አለችኝ።

"አልኮሉ መቼ ወተት ጠጥቶ ያውቃል?" አልኳት። ሳቀች።

የካቲት 24፣ ሰኞ

ዛሬም ከአያ ታረቀ ጋር ተነታረክን። ከደብረ ኤልያስ መንገድ ገባ ካለች መንደር አንድ ሰዓት ተኩል በእግሩ ይመጣል። ያለችው አንዲት ዳለቻ ላም ናት። የእሷን ወተት በቢጫ ጀሪካን ተሸክሞ ይመጣና ከሁሉም ቀድሞ በሩ ላይ ይቆማል።

"አያ ታረቀ፣ ስንት ጊዜ ልንገርዎ? ጀሪካን እጅ አያስገባም። እጅ ያልገባበት ዕቃ ደግሞ አይታጠብም። ጀርሙ ጥጉን ይዞ ይዋለዳል።"

"በፈላ ውሃ ነው የማጥበው ልጄ። ስሜነሽም በወይራ ታጥነዋለች።" ስሜነሽ ባለቤቱ ናት።

"ፕላስቲክን ወይራ ምን ያደርግለታል?"

"እንግዲያ ማኅበሩ አልሙኒየም ዕቃ አድላለሁ ብሎ የለ? ያድለኛ።"

እውነቱን ነው። ሊቀመንበራችን ይስማው ዕቃውን አመጣለሁ ካለ ሁለት ፋሲካ አለፈ። ይህን ግን ለገበሬ አይሉትም። ወተቱን በአልኮሉ ሞከርኩት፣ አልረጋም፤ ደህና ነው። ተቀበልኩት። ሲሄድ "እንዳንቺ ያለ ንጹሕ ሰው አያሳጣን" ብሎ መረቀኝ። ተቆጥቶ የሚመረቅ ሰው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

የካቲት 27፣ ሐሙስ

ቴርሞሜትሩ ተሰበረ። ያለን አንድ ብቻ ነበር። አዲሱ የሚመጣው ከአዲስ አበባ ነው፤ መንገዱ ተዘግቶ መኪናው ሁሉ ደጀን ላይ ቆሟል ይላሉ። እስኪመጣ ጣቴ ይበቃል።

ስብርባሪውን ስለቅም ጠርሙሱ ጣቴን ወጋ አደረገኝ። ቁስሏ ትንሽ ናት።

ተሰበረ ብዬ ጻፍኩ እንጂ ከእጄ ነው የወደቀው። ለይስማው "ተሰብሮ አገኘነው" ብያለሁ።

የካቲት 30፣ እሑድ

ጣቴ አብጧል። የቀኝ እጄ ሌባ ጣት፣ ጥፍሩ ሥር። በጨው ውሃ ዘፈዘፍኩት። ጓንት ሳጠልቅ ይጠዘጥዘኛል፤ ደግሞ በጓንት ሙቀት አይለይም። ትናንት አውልቄው ነው የሠራሁት። ለአንድ ቀን ነው። ማርያማዊት ያየችኝ መሰለኝ።

መጋቢት 3፣ ረቡዕ

እየተጣደፍኩ ነው። ከስምንት ሰዓት ጀምሮ መብራት የለም።

ዛሬ ሁለት ድስት አሙቀናል። አንደኛው ጠዋት ቀድመው የመጡት ገበሬዎች ወተት ነው። ማርያማዊት መብራት ሳይጠፋ በቀዝቃዛ ውሃ አብርዳ ለሕመምተኞቹ ልካዋለች። ሁለተኛው ለሕፃናት መዋያው ነገ የሚሄደው ነው፤ እሱን የያዝኩት እኔ ነኝ። ፓምፑ በመብራት ስለሚሠራ ውሃው ቆመ። ትልቅ ድስት ደግሞ ሙቀቱን ቶሎ አይለቅም። በየሰዓቱ በጣቴ አያለሁ፣ ለብ እንዳለ ነው። አቧራ እንዳይገባበት ከድኜ በነጠላዬ ሸፈንኩት።

ጣቴ መግል ማውጣት ጀምሯል፤ ካወጣስ ይሽለኛል። ልሂድ።

መጋቢት 4፣ ሐሙስ

መብራት የመጣው ሌሊት ነው፤ ወተቱን ፍሪጅ ውስጥ ያስገባው ዘበኛው ነው። ጠዋት አሸተትኩት፣ ምንም አላለኝም። ላክነው።

አምስት ሰዓት ተኩል ከመዋያው ተደወለ። ልጆቹን እያስመለሳቸው ነው።

ሰባት ሰዓት። አሥራ አንድ ልጆች።

አሥር ሰዓት። አሥሩ ተሽሏቸው ወደየቤታቸው ሄደዋል። አንዷ ሆስፒታል ተኝታለች። መቅዲ ትባላለች፣ አራት ዓመቷ ነው። ግሉኮስ ሰክተውላታል። ሄጄ በመስኮት አየኋት። እናቷ ነጭ ጋዋኔን አይታ ሐኪም መስዬያት "ትድናለች?" አለችኝ። "ትድናለች" አልኳት። ምን ልበላት?

መጋቢት 5፣ ዓርብ

የመዋያው ምግብ አብሳይ አይናዲስ ግቢያችን መጥታ ጮኸች። "አፍልቼ ነው የሰጠኋቸው፣ እስኪገነፍል። በማርያም እምላለሁ። እናንተ ምን ሰጥታችሁኝ ነው?" የፈላ ወተት ሰው አያሳምምም ብዬ ልመልስላት ነበር፤ ልጆቹ ግን ታመዋል።

ከከተማው የምግብ ቁጥጥር ባለሙያ መጣ። ሙላት ይባላል፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚናገር ሰው ነው። ከተረፈው ወተት ናሙና ወስዶ ሄደ። ውጤቱ ቀናት ይፈጃል አለ።

ይስማው ግን ቀናት የለውም። "የማን ወተት ነው? ስም አምጪ። ሃምሳ ሦስት ቤተሰብ ነው በዚህ በር የሚያድረው፤ በሩን ሊዘጉብን ነው" አለኝ። መዝገቡን ከፈትኩ። ከአያ ታረቀ ስም ጎን በረቡዕ ቀን መስመር ላይ "ሽታ አለው" ብዬ ጻፍኩ። ረቡዕ ዕለት ባልጽፈውም አስቤው ነበር። ጀሪካን መቼም ሽታ አያጣም።

የጣቴ እብጠት ጎድሏል።

መጋቢት 7፣ እሑድ

የመጻጉዕ ቅዳሴ እንዳለቀ በግቢያችን ስብሰባ ተደረገ። ይስማው በሁሉም ፊት "የብርጓል፣ የምታውቂው አንቺ ነሽ፣ ተናገሪ" አለኝ።

"እርግጠኛ አይደለሁም" አልኩ። "ከጠረጠርኩ ግን የምጠረጥረው በጀሪካን የሚመጣውን ነው።"

ያልኩት ይኸንኑ ብቻ ነው። ስም አልጠራሁም። በጀሪካን የሚያመጣ ግን አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ሁሉም ዞሮ አየው። አያ ታረቀ ጋቢውን ሰብስቦ ተነሣ። ይከራከራል፣ ይሰድበኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። "እሷ ካለች ይሆናል። እሷ አትዋሽም" አለና "የታመመችው ልጅስ እንዴት ናት?" ብሎ ጠየቀ።

ዛሬ ከሆስፒታል ወጥታለች አሉት። "ተመስገን" አለ። ከዚያ ወተቱ ከእንግዲህ እንዳይገባ እጅ አውጥተው ወሰኑ። እኔም እጄን አወጣሁ፣ ግራውን።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። እኔን ግን አላመለጠኝም፤ አስቤ ነው የተናገርኩት። ማለቴ ለልጆቹ አስቤ።

መጋቢት 12፣ ዓርብ

ድስቱን ዛሬ አምስት ጊዜ አጠብኩት። ማርያማዊት "እትዬ፣ ይኼ ድስት ሊሳሳ ነው" አለችኝ። አልሳቅሁላትም።

አያ ታረቀ በሩ ላይ ቆሞ አገኘሁት። ጀሪካኑን አልያዘም።

"ልጄ፣ ላሟን ምን አገኛት? መጥተሽ ጡቷን ብታዪልኝ።"

"የእንስሳት ሐኪም ያሳዩዋት እንጂ እኔ ምን አውቃለሁ።"

"አሳየኋት። ደህና ናት አለኝ። ያንቺ ቃል ግን ከልቤ አልወጣ አለኝ። ቤት ውስጥ የልጅ ልጅ አለኝ፣ አንተነህ። እናቱ ዓረብ አገር ሄዳ እኛ ነን የምናሳድገው። ሁለት ዓመቱ ነው፣ የሚኖረው በሷ ወተት ነው። ልስጠው ወይስ ልከልክለው?"

ቀላል ጥያቄ ነበር። "ይስጡት" ማለት ይቻል ነበር። ይስጡት ካልኩ ግን "ታዲያ ለምን አባረራችሁኝ?" ይላል። ይስማው ደግሞ ቢሮው በር ላይ ቆሞ ይሰማል።

"እኔ ብሆን አልሰጥም" አልኩት።

አንገቱን ነቀነቀ። "እግዜር ይስጥሽ፣ ልጄን አዳንሽልኝ" አለና ሄደ። ምሳ አልበላሁም። ጾም ነው፣ ቢበላም ያው ነው።

መጋቢት 16፣ ማክሰኞ

ሙላት ውጤቱን ይዞ መጣ። ይስማው፣ ማርያማዊትና እኔ ቢሮ ተቀመጥን።

"ወተቱ ፈልቷል፤ ምግብ አብሳይዋ እውነቷን ነው" አለ። "ጀርሙን እሳት ይገድለዋል። ግን ከመሞቱ በፊት ለብ ባለ ወተት ውስጥ ብዙ ሰዓት ከቆየ መርዝ ይተዋል። መርዙን እሳት አያጠፋውም። ደግመው ቢያፈሉትም ያው ነው።"

ይህን አላውቅም ነበር። እሳት ያየ ነገር ንጹሕ ነው ስል ነው ስድስት ዓመት የኖርኩት። ሥልጠናው ላይ ሳይነግሩን አይቀሩም፤ ያኔም ጽፌው ይሆናል።

"ከየት ነው የሚመጣው?" አለ ይስማው።

"ከታመመ የላም ጡት ሊመጣ ይችላል። ከሰው አፍንጫም፣ ከሰው እጅም ይመጣል። ይበልጡን መግል ከያዘ ቁስል። በዚያን ሰሞን እዚህ እጁ ላይ ቁስል የነበረበት ሰው አለ?"

እጄ ጋዋኔ ኪስ ውስጥ ነበር። መቼ እንደከተትኩት አላውቅም። ማርያማዊት አንገቷን ደፋች።

"ሁላችንም ጓንት እናደርጋለን" አልኩ። እናደርጋለን ነው ያልኩት። አድርገን ነበር አላልኩም።

ይስማው "እንግዲያ ላሟ ናት" ብሎ ተነፈሰ። ሙላት "እሷን ሳንመረምር እንዲህ ማለት አንችልም" ቢለውም ይስማው የሰማው የፈለገውን ነው። ሙላት ወረቀቱ ላይ "ምንጩ አልተለየም" ብሎ ጽፎ፣ ሲወጣ እኔን አየት አድርጎ "እጅዎን ይጠብቁ" አለኝ። ለሁሉም ሰው የሚለው ይሆናል።

ሲሄዱ መዝገቡን ከፈትኩት። የዚያን ረቡዕ አያ ታረቀ የመጣው ከሁሉም ቀድሞ ነው። ወተቱ የገባው አንደኛው ድስት ውስጥ ነው። አንደኛውን ድስት የጠጡት ሕመምተኞቹ ናቸው፤ ከእነሱ አንድም ሰው አላስመለሰውም። ሁለተኛው ድስት ውስጥ የአያ ታረቀ ወተት ጠብታም የለበትም።

መዝገቡን ዘጋሁት። ዘግቼ ደግሞ ከፈትኩት። ያው ነው።

መጋቢት 17፣ ረቡዕ

እንዲህ ላስበው። ጣት አንድ ናት፣ ድስቱ ግን ትልቅ ነው። እንዲያ ያለ ድስት በአንዲት ጣት ይበላሻል? ዘበኛው ፍሪጅ ሲያስገባው እጁን ታጥቦ ነበር? አይናዲስስ ኩባያዎቹን በምን አጠበች? መብራት ያጠፋው እኔ ነኝ እንዴ?

ሕፃኑን ምን እያበሉት ይሆን? አጥሚት ይሰጡታል። በአጥሚት ያደገ ስንት ልጅ አለ።

መጋቢት 21፣ እሑድ

ገብር ኄር ነው። ሰባኪው ስለ ታማኙ አገልጋይ ሲናገር እግሬ አልረጋ አለኝ፤ ሳያልቅ ወጣሁ። ድስቱን የሸፈንኩበትን ነጠላ ለብሼ ነበር የሄድኩት። ሦስት ጊዜ አጥቤዋለሁ።

በባጃጅ ስመለስ ሁለት ሴቶች አብረውኝ ተሳፈሩ። አንዷ "ያቺን መርዛም ላም አሁንም አላረዷትም አሉ" አለች። ሌላዋ "ሽማግሌው ምስኪን ነው፣ ጠዋት ጠዋት ወተቷን አልቦ ዛፍ ሥር ያፈሰዋል" አለቻት።

አልቦ ያፈሳል። ላም ካልታለበች ጡቷ ይታመማል፤ ስለዚህ ያልባል፣ ያፈሳል። ከቤቴ አንድ ፌርማታ ቀድሜ ወረድኩ።

መጋቢት 27፣ ቅዳሜ

አሮጌው ጥፍር ወለቀ፤ ከሥሩ አዲስ ወጥቷል፣ ጠማማ ነው። ማርያማዊት ዕቃ እያጠበች ሳለ ቀና ሳትል "እትዬ፣ ጓንት አለማድረግሽን ለማንም አልተናገርኩም" አለችኝ።

"ማን ተናገሪ አለሽ? ማንስ ዝም በይ አለሽ?"

"ማንም። እንዲሁ እንድታውቂው ነው።"

ተቆጣኋት። በውሃ ብክነት ተቆጣኋት። ስትወጣ ዓይኗ ቀልቶ ነበር። ይቺ ልጅ ስለ እኔ ስትል ከሙላት ፊት ስታቀረቅር፣ እኔ በባልዲ ውሃ ልጣላት? ወራዳ ነኝ።

ሚያዝያ 2፣ ሐሙስ

አዲሱ ቴርሞሜትር መጣ። ሳጥኑን አልከፈትኩትም፤ ማርያማዊት ከፈተችው።

ገበሬዎቹ ሲያወሩ ሰማሁ። አያ ታረቀ ላሟን ሊሸጥ ነው። ለወተት የሚገዛው ጠፍቷል፤ መርዛም ናት ተብሏላ። ለፋሲካ ቅርጫ የሚያርዷት ሰዎች ሊወስዷት ተነጋግረዋል። የምትታለብ፣ ጥጃ ያላት ላም ለቅርጫ። አንዱ "እሱም ልጁን እያየ ጨነቀው፣ ልጁ ወተቱ ከቀረበት ወዲህ መነመነ" አለ። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ብለው ሳቁ። ሳቃቸው ደም ሥሬ ውስጥ ገባ።

ነገ እሄዳለሁ።

ሚያዝያ 3፣ ዓርብ

አልሄድኩም። የቅቤው ሚዛን ተበላሸ።

ሚያዝያ 5፣ እሑድ፣ ሆሣዕና

ለነፍስ አባቴ ለአባ አካለ ወልድ ልነግራቸው ነበር። ሰው ከቧቸው ዘንባባ ያድላሉ። ተሰለፍኩ፣ ተራዬ ሲደርስ ዘንባባዬን ተቀብዬ ሄድኩ።

ሚያዝያ 7፣ ማክሰኞ

ሄድኩላቸው። ከመጀመሪያው ቀን እስከ መጨረሻው ነገርኳቸው፤ ስለ ጣቴም፣ ስለ መዝገቡም፣ ስለ ሕፃኑም። እያለቀስኩ አልነበረም፤ ቶሎ ቶሎ ነበር የምናገረው።

ሰምተውኝ "በሕማማት እግዚአብሔር ይፍታሽ እንደማንል ታውቂያለሽ" አሉኝ።

"አውቃለሁ አባቴ።"

"አውቀሽ ነው በሕማማት የመጣሽው?"

እሑድ ብነግራቸው ይፈቱኝ ነበር፣ ቀኖናም ይሰጡኝ ነበር፣ ሰግጄ እወጣው ነበር።

"በእኔ ዘንድ ያለው እስከ ፋሲካ ይቆያል" አሉ። "በሽማግሌው ዘንድ ያለው ግን ላም ነው፣ ሕፃን ነው። እሱ አይቆይም። ሂጂ።"

ሚያዝያ 9፣ ሐሙስ

መጀመሪያ ለይስማው ነገርኩት፤ ማኅበሩ የእሱም ነው። ፊቱ አመድ መሰለ። ተነሥቶ በሩን ዘጋ።

"ሙላት ምንጩ አልተለየም ብሎ ጽፏል። ልጆቹ ድነዋል። ሰዉም ረስቶታል። አሁን አንቺ ከውስጥ ነው የመጣው ብትይ ማን ወተታችንን ይገዛል? ለፋሲካ የሰበሰብነው ቅቤስ? ሃምሳ ሦስት ቤት ልትዘጊ ነው?"

"ሃምሳ ሁለት" አልኩት። "አንዱን ዘግተነዋል።"

"ከፋሲካ በኋላ እንነጋገራለን። ዝም አይነቅዝም፣ የብርጓል።"

የእኔ ዝምታ ከመጋቢት ጀምሮ ሲነቅዝ አፍንጫዬ ሥር ነው። ይህን ግን አሁን ነው የምጽፈው፤ ለእሱ "እሺ" ብዬው ነው የወጣሁት። ስሙኝ እንግዲህ፣ እሺ አልኩ።

ሚያዝያ 10፣ ስቅለት

ቀኑን ሙሉ ሰገድኩ። ጉልበቴ ተልጧል። ስንት እንደሰገድኩ ጠፋኝ፣ ደግሜ ጀመርኩ። ከጎኔ ያለችው ሴት "እህቴ፣ ዐረፍ በይ፣ ትወድቂያለሽ" አለችኝ። ዕረፍት የሰጠኝ መሬቱን በግንባሬ ስነካው ብቻ ነው፤ ቀና ስል ያው የነበረው ነው የሚጠብቀኝ።

ሚያዝያ 11፣ ቅዳሜ

ጠዋት ለማርያማዊት "ዛሬ አንቺ ተረከቢ" አልኳት። አንድ ጠርሙስ ወተት በአዲሱ ቴርሞሜትር ለክታ፣ አሙቃ፣ አብርዳ ሞላችልኝ። በበረዶ ውሃ ነክሬ በከረጢት ያዝኩት። ለምን እንደፈለግሁት አልጠየቀችኝም።

በእግሬ ሄድኩ። አንድ ሰዓት ተኩል ነው የሚባለው፤ እኔን ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ። አያ ታረቀ ይህን መንገድ በየቀኑ፣ ወተት ተሸክሞ፣ እኔ ልቆጣው።

በረቱ ባዶ ነበር። ጥጃዋ ብቻ ታስራ ታለቅሳለች። አያ ታረቀ አጥሩን እየጠገነ አገኘሁት።

"ላሚቱስ?" አልኩት፣ ሰላም ሳልለው።

"ወሰዷት፣ ሐሙስ። ደህና መጣሽ ልጄ? እንኳን አደረሰሽ። ግቢ፣ ፀሐይ ላይ አትቁሚ።"

ሐሙስ። ይስማውን እሺ ያልኩት ሐሙስ ነው። ከዚያ ቀጥታ መጥቼ ቢሆን እደርስ ነበር።

ቆሜ ነው የነገርኩት። "አያ ታረቀ፣ ላሟ ደህና ነበረች። ጀሪካኑም አይደለም። የታመመው የእኔ ጣት ነው። ቁስል ይዤ ጣቴን የልጆቹ ወተት ውስጥ ነከርኩ። የእርስዎ ወተት እዚያ ድስት ውስጥ እንዳልነበረ አውቅ ነበር። መዝገቡ ላይ ሽታ አለው ብዬ የጻፍኩት ልጆቹ ከታመሙ በኋላ ነው።"

የያዘውን እንጨት ጥሎ አጥሩ ሥር ተቀመጠ። እንዲቆጣኝ በልቤ እለምን ነበር። ጥጃዋ ጮኸች፤ ወደዚያ አየና መልሶ መሬት መሬት አየ።

"አምኜሽ ነበር እኮ" አለ በመጨረሻ። ከዚያ ወደ ቤቱ በአገጩ አመለከተኝ። "እኔን ተይኝ። ገብተሽ ለስሜነሽ ንገሪያት። ልጁን መርዝ ሳበላው ነው የኖርኩት እያለች እንቅልፍ አጥታለች።"

ገባሁ። ስሜነሽ ሕፃኑን ታቅፋ መደብ ላይ ተቀምጣለች። አንተነህ ዓይኑ ትልቅ ነው፣ ክንዱ ግን ቀጥኗል፤ ሁለት ዓመት የሞላው ልጅ አይመስልም። ለእሷም እንደዚያው ነገርኳት።

"እንግዲያ ወተቱ ደህና ነበር?" አለች።

"ደህና ነበር።"

"ያፈሰስነው ሁሉ? ሁሉንም ቀን?"

"ሁሉንም ቀን" አልኳት።

እኔ ብሆን አልሰጥም ካልኩበት ቀን እስከ ሐሙስ ሃያ ሰባት ቀን ነው። እሷም እየቆጠረች እንደሆነ ከንፈሯ ይነግረኝ ነበር። ሳትሰድበኝ ጠርሙሱን ከእጄ ተቀበለችኝ፣ ኩባያ አጥባ ቀዳች፣ ለልጁ አስጠጋችለት። ሕፃኑ ነጩን ሲያይ ፊቱን አዞረ። በትንሽ እጁ ኩባያውን ገፋና "ካካ" አለ።

ደግማ አስጠጋችለት። "ካካ" አለ፣ አፉን ዘጋ።

ስሜነሽ ኩባያውን መሬት አስቀመጠች። "ላሟ ስትታለብ እየሮጠ ይመጣብን ነበር" አለች። "ካካ ነው እያልን ነው ያስተውነው። እኛው ነን ያስተማርነው።"

"እናንተ አይደላችሁም" አልኳት። "እኔ ነኝ።"